የደረሰኝ ዋጋ ለክፍለ ሀገር ነጋዴ

በየክልሉ የሚገኘው አነስተኛ ንግድ እንዲስፋፋ መመኘት መልካም ነው። ነገር ግን ንግድ የሚቆመው በገንዘብ፣ የብድር ገንዘብም የሚገኘው በመታመን ስለ ሆነ፣ የክፍለ ሀገሩ ባለሱቅ የሚታመነው በምን ማስረጃ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደሴ በኪራይ ሱቅ የሚነግድን ሰው ለምሳሌ ማንሣት ይቻላል። ይህ ሰው ሸቀጡን ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ በዱቤ ያነሣል፤ ሸጦም ዕዳውን ይከፍላል። ለብዙ ዓመታት አንድ ቀን ሳያሳልፍ ቢከፍል እንኳ፣ ታማኝነቱ የተጻፈው በአበዳሪው ደብተር እንጂ በእርሱ እጅ ባለ ወረቀት አይደለም። ሱቁን ለማስፋት ወደ ባንክ በሄደ ጊዜ ግን ቤት አስይዝ ይባላል፤ ቤትም የለውም።

ሕጉ ለዚህ ችግር መውጫ አበጅቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ሸቀጥን፣ የሥራ መሣሪያን፣ የእርሻ ምርትን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰበውን ሂሳብ ሳይቀር ለብድር መያዣ ማድረግን ፈቅዷል። ይሁን እንጂ ሸቀጡ የማን እንደ ሆነና ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለ፣ አዋጁ ብቻውን ለባለሱቁ ምን ይፈይድለታል?

አንዳንድ ጅምላ ሻጮች ደረሰኝ ግብር ይጠራል ብለው ይሸሹታል። በዚህ ምክንያት የሚጎዳው ገዢው ነው፤ ያለ ደረሰኝ የገዛ ነጋዴ ወጪውን ለግብር ሰብሳቢው ማስረዳት ስለማይችል፣ ያላተረፈውን እንዳተረፈ ተቆጥሮ ይከፍላል። ሰሊጥና ጥራጥሬ ከአቅራቢ የሚረከብ ላኪም ሚዛኑንና ዋጋውን ጽፎ ካልሰጠ በአቅራቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ አይለይም።

ባለሱቁም በበኩሉ ግዴታ አለበት። የዕለት ገቢና ወጪውን ሳያሳድር መመዝገብ፣ የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ወጪ መለየት፣ የከፈለበትንም ወረቀት ጠብቆ ማኖር ይገባዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለንግድም ይሠራል።

ጅምላ ሻጩና አስመጪው ለእያንዳንዱ ሽያጭ ደረሰኝ፣ ለእያንዳንዱ የዱቤ ክፍያ የተፈረመ ማረጋገጫ ቢሰጡ፣ ወጪው ጥቂት ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው። የክፍለ ሀገሩ ባለሱቅ ከባንክ ተበድሮ በጥሬ ገንዘብ መግዛት የቻለ ዕለት፣ የእነርሱም ገንዘብ በዱቤ ታስሮ፣ ሸቀጣቸውም በመጋዘን ተከማችቶ መክረሙ ይቀራል።