ራጁ ይቆይና መጀመሪያ እግራችንን ዳስሱልን!

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላል ያገራችን ሰው። የእግሩ ወለምታ ግን ይታሻል ማለቱ ነው። ታሽቶ የዳነ ብዙ ነው፤ ታሽቶ የቀረም አለ። እኔን ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ግን ቅቤው ሳይሆን ወረቀቱ ነው።

ነገሩ የሆነው ዲቾቶ ነው። ዲቾቶን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከሰመራ ወደ ጋላፊ ሲኬድ የጅቡቲ መኪኖች ተደርድረው የሚያድሩባት፣ ሙቀቱ በሌሊትም የማይለቃት የአፋር ከተማ ናት። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ የአሰብን በር ከዘጋብን ወዲህ አብዛኛው የአገሪቱ ጭነት በዚያ መስመር ይመላለሳል። አንድ የተሳቢ ረዳት ሸራ አስሮ ከጭነቱ ላይ ሲዘል እግሩ ወለም አለው። ቁርጭምጭሚቱ ወዲያው እንደ ዳቦ ተነፋ። በማግስቱ እያነከሰ፣ ልብ በሉ፣ እያነከሰም ቢሆን በገዛ እግሩ እየተራመደ ሊታከም ሄደ። ባለሙያው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ጣቱን እንኳ ሳያሳርፍበት «ራጅ ተነሣ» ብሎ ወረቀት ጻፈለት። ልጁ ሥራ ፈትቶ፣ ገንዘብ ተበድሮ፣ ሌላ ከተማ ድረስ ሄዶ ተነሣ። አጥንትህ ደህና ነው ተባለ።

እዚያው ሰፈር ሻይ የምታፈላ እናት አለች። እሷም ወድቃ ነበር። ከወደቀችበት ደቂቃ ጀምሮ መርገጥ አቅቷት በሰው ትከሻ ተደግፋ የሄደችው ግን ወጌሻ ዘንድ ነው። ታሸች፣ ታሰረች። ስብራት መሆኑ የታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ራጅ የማያስፈልገው ተላከ፤ የሚያስፈልጋት ቀረች። ለመሆኑ ይህን መለያ ዘዴ ጠፍቶ ነው?

አልጠፋም። ከተገኘ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በ1992 እ.ኤ.አ. ካናዳዊው ሐኪም ኢያን ስቲል ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው፣ የኦታዋ የቁርጭምጭሚት ደንብ የሚባል ነው። ማሽን አይጠይቅ፣ መብራት አይጠይቅ! በውጭና በውስጥ በኩል ያሉትን የቁርጭምጭሚት ጉጦች ጫፋቸውን፣ እንዲሁም ከጫፉ ወደ ላይ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የኋላ ጠርዛቸውን በጣት መጫን ነው። አጥንቱ ላይ ሲጫኑት ካመመው ራጅ ይነሣ። ከዚያ አራት እርምጃ ይራመድ፤ ማንከስ ይፈቀዳል። እንደተጎዳም፣ አሁን ሐኪሙ ፊትም አራት እርምጃ ካቃተው ራጅ ይነሣ። ሕመሙ መሐል እግሩ ላይ ከሆነ ደግሞ በውጭ በኩል የትንሿ ጣት ረጅም አጥንት ሥሩ ላይ፣ በውስጥ በኩል ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ያለው አጥንት ይጫናል። ከነዚህ አንዱም ከሌለ ራጁ ይቅር። እብጠቱ? እብጠት ያስደነግጣል እንጂ ለብቻው ስብራት ማለት አይደለም፤ ጅማት ሲላላም ሲበጠስም ያብጣል።

በ2003 እ.ኤ.አ. ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ፣ ደንቡ «አልተሰበረም» ካላቸው ሰዎች ስብራት የተገኘባቸው ከመቶ ሁለት እንደማይሞሉ አሳይቷል። ከሚነሣውም ራጅ ከመቶ 30 እስከ 40 ያህሉን ያስቀራል። እርግጥ የሰከረ ሰው ላይ፣ በስኳር በሽታ እግሩ የደነዘዘ ላይ፣ ሌላ ከባድ ጉዳት ያለበት ላይ አይሠራም። (ማታ ማታ ቀምሰው ከመኪና ለሚዘሉ ወንድሞቻችን ይህችን ማስታወስ ደግ ነው።)

ባለሙያውም ሰው ነው፤ አንድ ስብራት ቢያመልጠኝ ምን እሆናለሁ ብሎ ይፈራል፣ ወረቀቱ ይሸፍነኛል ይላል። እንዲህ ያለውን ፍርሃት የሚያነሣለት ከበላይ የመጣ፣ ማኅተም ያረፈበት መመሪያ ነው። ችግሩ ባለሥልጣኖቻችን ማሽን ሲመጣ ሪባን ለመቁረጥ ይሽቀዳደማሉ እንጂ ጣትን ለማስተማር ሪባን የለውም፣ ቴሌቪዥንም አይመጣም።

እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። ጤና ሚኒስቴርና የአፋር ክልል ጤና ቢሮ ይህችን ደንብ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና በአፋርኛ አትመው፣ ከአዋሽ እስከ ጋላፊ በየጤና ጣቢያውና በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ይለጥፏት። ወጌሻውንም አይናቁት፤ ሕዝቡ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ዘንድ ነውና «መርገጥ ያቃተውን አትሽ፣ ላክ» ብለው ያስተምሩት። አጥብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ ሐኪሞቻችን አሳምረው ያውቁታል።

ሻይ የምታፈላዋን እናት ስመለስ አየኋት። አሁን ብርጭቆ የምታመላልሰው ትንሿ ልጇ ናት፤ እሷ ከበርጩማዋ አትነሣም።