«ብረት ብረት ነው» ላላችሁኝ

እሑድ ቡና ላይ ለብስክሌቴ የፊት ሹካ ላሠራ ነው ብዬ ዋጋውን ስናገር የሳቃችሁብኝ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። «በዚህ ብር እኮ በግ ትገዛለህ» ያልከኝ ወዳጄ፣ አንተም ራስህን ታውቃለህ። እዚያው ልመልስላችሁ ነበር፤ ግን ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ስለምታወሩ አልተቻለም።

ብስክሌቷን ታውቋታላችሁ። አሮጌዋ፣ ጥቁሯ፣ ከሰቆጣ ወጥቼ እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ። ጠጠሩን እንድትችልልኝ ሰፋ ያለ ጎማ ፈለግሁ። ሰፊው ጎማ በድሮው ሹካ መሃል አይገባም። ገበያ ላይ ያለው ደግሞ ባለ ስፕሪንጉ ነው፤ እሱ ይረዝማል። ሹካ በ20 ሚሊ ሜትር በረዘመ ቁጥር የብስክሌቱ ፊት በአንድ ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ዳገት ላይ ፊቱ ይዋልላል፣ መሪው እንደ ሰነፍ በሬ እየጎተቱ የሚያዞሩት ይሆናል። ዋግ ላይ ደግሞ ዳገት ያልሆነው ሁሉ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ማሠራት ግድ ሆነ። የቀረው ጥያቄ ማን ይሥራው የሚለው ብቻ ነው።

እናንተ «ማንም በያጅ ይበይደዋል፣ ብረት ብረት ነው» አላችሁ። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት እንደዚያው ነበር የማስበው። የተጣመመ ሹካዬን ይዤ አንድ ብየዳ ቤት ገባሁ። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ሰውየው ዛሬም እንጀራውን እየበላ ነው፤ ይብላ። በግማሽ ሰዓት የውኃ ቧንቧ ቆርጦ ሁለት እግር አወጣለት፣ በኤሌክትሮድ በየደው፣ የብር ቀለም ቀባው። አማረ። ዋጋውንም ተከራክሬ ግማሽ አስቀነስኩት፤ ያን ቀን ጎበዝ ነበርኩ። ሦስት ወር ሳይሞላው ወደ ተከዜ በኩል ቁልቁለት ስወርድ ያለ ምንም ድምፅ ተሰበረ። የኋላ ጎማ ቢፈነዳ ትቆማለህ፣ ሰንሰለት ቢበጠስ ገፍተህ ቤትህ ትገባለህ። የፊት ሹካ ሲሰበር ግን መጀመሪያ መሬት የሚነካው ፊትህ ነው። ሁለት ጥርስና አንድ የአንገት አጥንት ከፈልኩ። ያስቀነስኩትን ግማሽ ከዚያ ላይ ቀንሱልኝ እስቲ።

በኋላ ሄጄ ስጮህበት ምን አለኝ መሰላችሁ? «ቶሎ በል ያልከኝ አንተ፣ ቀንስ ያልከኝ አንተ።» ተናድጄ ወጣሁ። ማታ ግን ተኝቼ ሳስበው ሰውየው ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ የእሱ ነው፤ አይሆንም ማለት ነበረበት። የምከራከራችሁም እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ሠሪ ማለት መጀመሪያ «አይሆንም» ማለት የሚችል ነው። እኛ ደግሞ «አይሆንም» ያለንን ሰው ትተን «ችግር የለም» ወዳለን የምንሮጥ ሰዎች ነን።

አሁን ስለ ብረቱ። የተሰበረውን ቁራጭ አስቀምጬዋለሁ፣ መጥቶ የሚያይ ይይ። የተሰበረው ብየዳው ላይ አይደለም፤ ከብየዳው ጎን፣ ሙቀቱ ብረቱን የነካበት ቦታ ላይ ነው። ሹካ ትልቁን ጫና የሚሸከመው አንገቱ ላይ ነው፤ አንገት የምለው ሁለቱ እግሮች ከመሪው ዘንግ ጋር የሚገናኙበትን ነው። ፍሬን ስትይዝ፣ ድንጋይ ስትመታ፣ ያ ቦታ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይታጠፋል፤ በቀን ስንት ሺህ ጊዜ። ሽቦን በእጃችሁ እያጠፋችሁ ቆርጣችሁ ታውቁ የለ? ያው ነው፤ ልዩነቱ መዘግየቱ ብቻ ነው። «እንግዲያው ወፍራም ብረት ይደረግበት» የምትሉም አላችሁ። እግሩን ስታወፍረው መለመጡን ያቆምና ጫናውን ሁሉ ወደ አንገቱ ይልከዋል። ወፍራም እግር ቀጭን አንገት ላይ!

የውኃ ቧንቧው ደግሞ ዚንክ የተቀባ ነው። በላዩ ላይ ሲበየድ ብየዳው በውስጡ አረፋ ይይዛል፤ ጭሱ በያጁን ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። እኛ በርካሽ አሠራን ስንል እሱ ቤቱ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። ይህን ማን ይቆጥረዋል?

«ለአንድ ሹካ ይህ ሁሉ ወሬ» ለምትሉ የኤዥን ክሪስቶፍን ታሪክ ልንገራችሁ። ፈረንሳዊ ብስክሌተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በቱር ደ ፍራንስ ከቱርማሌ ተራራ ሲወርድ ሹካው ተሰበረ። የሌላ ሰው እርዳታ በሕግ ክልክል ነበር። ብስክሌቱን ተሸክሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወርዶ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን የምትባል መንደር ደረሰ፤ እዚያ ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ዳኞች እያዩት በገዛ እጁ ሹካውን ቀጥቅጦ ሠራ። አንድ ልጅ ወናፍ ነፋለት ተብሎ ቅጣት ተጨመረበት። ወናፍ! እ.ኤ.አ. በ1919ም ቢጫውን ማልያ ለብሶ ሲመራ ሹካው እንደገና ተሰበረና ድሉን አጣ። የዓለም ትልቁን ውድድር የሚመራ ሰው ያሸነፈው ሌላ ብስክሌተኛ ብቻ አይደለም፤ የገዛ ሹካው ነው። እኛ እዚህ ተቀምጠን «ብረት ብረት ነው» እንላለን።

እሺ፣ ታዲያ እንዴት ይመረጣል? እኔ በዚህኛው ዙር ሦስት ቦታ ዞርኩ። አንዱ ሳያይ ዋጋ ነገረኝ። ሁለተኛው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ያለ ዋጋ ልሥራልህ አለኝ፤ እወደዋለሁ፣ ግን ዝምድና ቧንቧ አይበይድም። (አክስቴ ይህን ካነበበች ጉድ ፈላ።) ሦስተኛው ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ፣ ይህን ይሠሩልኛል?» ስላቸው መልስ አልሰጡኝም፤ ጠየቁኝ። ስንት ኪሎ ነህ? ፊት ላይ ጭነት ትጭናለህ? ፍሬኑ የቱን ይይዛል፣ ቸርኬውን ወይስ ዲስክ? ዲስክ ከሆነ ግራው እግር ብቻውን ስለሚጎተት ሌላ ሥራ ነው አሉኝ። ከዚያ ጎማውን አስመጥተው ለኩ። «የመሪውን ዘንግ እኔ አልሠራውም፤ ያልተሰነጠቀ አሮጌ ሹካ ፈልግና ከሱ እንወስዳለን» አሉ። «ክሮሞሊ የሚባለው ቀጭን ጠንካራ ቱቦ እዚህ የለም፤ ስለዚህ ያንተ ይከብዳል፤ ከከበደ አትውቀሰኝ» አሉ። የማይችሉትን ከሚችሉት በፊት ነገሩኝ። እዚያው ልቤ አረፈ።

ብየዳውም በነሐስ ነው። ነሐስ 900 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ብረት ግን 1,500 ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ነሐሱ በመገጣጠሚያው ውስጥ ይሰርጋል፤ ቀጭን ቱቦም አይበሳም። ግን ጊዜ ይወስዳል፣ መጽዳት ይፈልጋል፣ መብራት ሲመጣና ሲሄድ የሚለቀለቅ ሥራ አይደለም። ዋጋው ለዚህ ነው ሦስት እጥፍ የሆነው።

ተሠርቶ ሲያልቅ ደግሞ ማንም ቤቱ ሊያየው የሚችል ነገር አለ። ጎማውን አስገባ፤ ወደ ግራ ካዘነበለ አውጣና ገልብጠህ አስገባ። አሁን ወደ ቀኝ ካዘነበለ ጥፋቱ የጎማው ነው። አሁንም ወደ ግራ ከሆነ ጥፋቱ የሹካው ነው፤ ብርህን ሳትከፍል መልሰው። ይህን ስትጠይቀው የሚቆጣ በያጅ ካጋጠመህ ብስክሌትህን ይዘህ ውጣ።

«ለምን ከአዲስ አበባ አታሠራም?» ያልከኝም አለህ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ጥሩ እጅ ያላቸው ሰዎች እንዳሉ አልክድም። ግን በስልክ ፎቶ የማየው ቀለሙን ነው። የቧንቧውም ሹካ ፎቶ ላይ ያማረ ነበር።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል፣ ልናገረው። ብረት የሚነካን ሰው መናቅ የቆየ በሽታችን ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስኪከለክሉ ደርሰናል። ዛሬ ቀጥቃጩን ፊት ለፊት አንሰድበውም፤ ዋጋ አስቀንሰን እንሰድበዋለን። በከተማችን ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በ2007 ዓ.ም. አገር አቀፍ ቃል ተገብቷል፤ ለሕፃናት መቀንጨር ነው፣ ጥሩ ነው። እኛ ግን አንድ ሽማግሌ ለሰጡን ቃል የሚገባቸውን መክፈል ያቅተናል። ከከተማው አጠገብ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ከአለት የፈለፈሉት ሰዎች «ቶሎ በል፣ ቀንስ» ተብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን እናሳይ ነበር? የተፈለፈለ ድንጋይ እኮ አይመለስም።

ለማንኛውም ቀብድ ከፍያለሁ። ጋሼ ከውድቅ ቱቦ ሁለት መሞከሪያ አንገት በየደው እንድንቆርጣቸው ነግረውኛል፤ ነሐሱ እስከ ውስጥ መግባቱን ለማየት። የመጀመሪያውን ትናንት ቆረጥን፤ አንድ ጎን ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት ነበረችው፤ ራሳቸው አይተው ራሳቸው ጣሉት። ሁለተኛውን ሰኞ ከሰዓት እንቆርጣለን። ብረት ብረት ነው የምትሉ ኑ፤ መጋዙን እናንተ ትይዛላችሁ።