ስለ መስተዋት ገንዳው አሸዋ

ከባሕር ርቆ በደጋ አገር የሚኖር ሰው የባሕርን ጥቂት ክፍል በቤቱ ለማየት ቢመኝ አይፈረድበትም። ለእኛም ይህ ምኞት ሳናስበው ተፈጸመልን፤ ይኸውም አንድ ታላቅ የሥራ ባልደረባችን ወደ ሌላ አገር ተዛውረው ሲሄዱ፣ 200 ሊትር የሚይዘውን የጨው ውኃ ገንዳቸውን ከነዓሣው፣ ከነድንጋዩና ከነአሸዋው አስረከቡን። ስለ ዓሦቹ ምግብና ስለ ውኃው ሙቀት ብዙ መከሩን። ስለ አሸዋው ግን «አትጨነቁበት» ከማለት በቀር የጨመሩት ነገር አልነበረም። እኛ ግን ተጨነቅንበት፤ ጥፋታችንም ከዚህ ጀመረ።

አሸዋ የሚለው ቃል በተወለድንበት በትግርኛ ቋንቋ ሑጻ ይባላል። በሁለቱም ቋንቋ ቃሉን ስንሰማ በሐሳባችን የሚመጣው የወንዝ ዳር አሸዋ ነው። የባሕሩ ግን በብዙ ስፍራ ከዚህ የተለየ ነው። በሞቃት ባሕር ዳርቻ የሚገኘው ነጭ አሸዋ አብዛኛው የደቀቀ ዛጎልና የኮራል ስባሪ ነው። ከእርሱም ብዙው በበቀቀን ዓሣ ሆድ ውስጥ ያለፈ ነው፤ ይህ ዓሣ እንደ ወፍ መንቈር በጠነከረ አፉ ኮራሉን እየጋጠ ይበላል፤ የማይፈጨውንም አድቅቆ በኋላው ይጥለዋል። ልጆቻችን ይህን በሰሙ ጊዜ ለብዙ ቀን ሲስቁ ሰነበቱ።

ገንዳው በቤታችን ከተቀመጠ ከአራት ወር በኋላ የአሸዋው ንጣት ጠፍቶ ቡናማ ሆነ፤ በየማዕዘኑም የምግብ ትርፍራፊና የዓሣ ኩስ ተጠራቀመ። የፋሲካ እንግዶች ሊመጡ ነበርና አፈርን። ስለዚህ በበዓሉ ዋዜማ አሸዋውን በሙሉ በሳሕን እየዛቅን አወጣን፤ በቧንቧ ውኃ፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አጠብነው፤ እንደ ጥጥ ነጥቶም ወደ ገንዳው መለስነው። እንግዶቹ አደነቁ፤ እኛም ኰራን። በሦስተኛው ቀን ጧት ግን ዓሦቹ ከውኃው ፊት ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ሲያለከልኩ አገኘናቸው። ከአራቱ ሁለቱ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁት ብርቱካን መልኮች፣ እስከ ማታ ሞቱ። ታናሿ ልጃችን ለሁለቱም ስም አውጥታላቸው ስለ ነበረ በዚያ ሌሊት በቤታችን የተኛ ሰው አልነበረም።

ለባልደረባችን ስልክ ደወልን። ስለ ምግቡም ስለ ሙቀቱም አልጠየቁንም። «አሸዋውን ምን አደረጋችሁት?» አሉን። በነገርናቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ ከውኃው እኩሌታውን ዛሬውኑ እንድንለውጥ፣ በሚከተሉትም ቀናት ጥቂት ጥቂት እየቀነስን በአዲስ እንድንተካ አዘዙን። የቀሩት ሁለቱ በዚህ ተረፉ።

ነገሩ እንደሚከተለው ነው። ዓሣ ከሚጥለው ኩስና ከሚበሰብሰው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አየር በማይደርስበት በጥልቁ አሸዋ ውስጥ ደግሞ ሌሎች ዓይነቶች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን አየር ለውጠው ከውኃው ያስወጡታል። እኛ እንግዲህ በቧንቧ ውኃ ያጠብነው ቆሻሻውን ብቻ አልነበረም። ጨው የሌለበት ውኃ፣ በውስጡም ያለው ክሎሪን፣ እነዚህን ሠራተኞች ፈጅቷቸዋል። ይህን ለባለቤታችን ባስረዳናት ጊዜ ነገሩ አልከበዳትም። «ቡሐቃውን እስከ ጥግ ካጠቡት እርሾው ከየት ይመጣል?» አለችን። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጽሐፍም አላገኘንም።

ታዲያ አሸዋውን ሳይነኩ መተው ይገባልን? አይገባም፤ አተላው ሲከማች ውኃውን ያበላሻል። አማርኛ ለሚማሩ ባልደረቦቻችን፣ አተላ ማለት ጠላ ሲጠለል ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ ነው፤ በአሸዋው መካከል የሚተኛውም ይህንኑ ይመስላል። የሚጠረግበት መንገድ ቀላል ነው። አንዱ ጫፉ ሰፊ የሆነ የላስቲክ ቱቦ ይገኝና ውኃ ይሞላል፤ ሰፊው አፍ ወደ አሸዋው ሲገባ ሌላው ጫፍ ከገንዳው ዝቅ ብሎ በተቀመጠ ባልዲ ውስጥ ይለቀቃል። አሸዋው በሰፊው አፍ ውስጥ እየተሽከረከረ ይነሣል፤ አተላው ቀላል ስለ ሆነ ከውኃው ጋር ይሄዳል፤ አሸዋው ግን ከባድ ነውና ይመለሳል። አሸዋው ከመጠን በላይ ከፍ ሲል ቱቦውን በጣት ጫን ማድረግ ነው። ይህም በአንድ ቀን በገንዳው ሁሉ አይደረግም። እኛ ወለሉን በሐሳብ ከአራት ከፍለን፣ በየሁለት ሳምንቱ ውኃ ስንለውጥ አንዱን ሩብ ብቻ እንጠርጋለን። የመዝገብ ቤትን ፋይል ሁሉ በአንድ ቀን አውርዶ አቧራውን ለማራገፍ የሞከረ ሠራተኛ ምክንያቱን ሳንነግረው ይረዳዋል።

በባልዲ የወጣውን ያህል የሚተካው ውኃ ክሎሪኑ የጠፋለት፣ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው በሊትር 35 ግራም ያህል የገባበት ሊሆን ይገባል። የወጥ ጨው አይሆንም። በትነት የጐደለው ግን በጨው ውኃ አይተካም፤ የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው አይደለምና።

ይህ የተነገረው ከሁለት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ለሚደርስ ስስ አሸዋ ነው። ከ10 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ወፍራም አሸዋ የሚያነጥፉም አሉ፤ የእርሱ ሕግ ሌላ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1910 በተከፈተው በሞናኮ የውቅያኖስ ቤተ መዘክር የሠሩት ፕሮፌሰር ዣን ዦቤር በ1980ዎቹ ዓመታት ከወፍራም አሸዋ ሥር ባዶ ስፍራ እየተዉ፣ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ውኃውን እንዲያጠሩ የሚያደርግ ስልት አሳይተዋል። እንዲህ ያለው አሸዋ በቱቦ አይማስም፤ ላይ ላዩ ብቻ ይጠረጋል። በጥልቁ ጥቁር ነቁጥ ቢታይ፣ ሲነካም የበሰበሰ እንቍላል ቢሸት፣ ያ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ብርቱ መርዝ ነው፤ በድንገት ቢናጥ ዓሣን ይገድላል።

ስለ ቀለሙም ብዙ መሸበር አያስፈልግም። በአዲስ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ቡናማ ዱቄት ዲያቶም የተባለ ረቂቅ ተክል መሳይ ፍጥረት ነው፤ ሲሊካ የተባለውን ምግቡን ሲጨርስ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። እንደ ምንጣፍ የሚነጠፈው ቀይ ልባስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምግብ ሲበዛና ውኃው በዚያ ስፍራ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ይመጣል። እርሱን በቱቦ እየመጠጡ ማውጣት፣ የፓምፑንም አፍ ወደዚያ ማዞር፣ ይልቁንም የሚበተነውን ምግብ መቀነስ ያሻል። በቤታችን ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የከበደ ሆነ፤ ልጆቹ ዓሣው በተመለከታቸው ቁጥር የራበው ይመስላቸዋል።

ለጽዳት የሚያግዙ ፍጥረታትም አሉ። እኛ አምስት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አሉን፤ ቀኑን ሙሉ በአሸዋው ውስጥ ተቀብረው፣ እንደ ኩምቢ ያለች ቀጭን ቱቦ ብቻ ወደ ላይ ያወጣሉ፤ የምግብ ሽታ ሲመጣ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ከአሸዋው ፈንቅለው ይነሣሉ። ኪያር የሚመስለው የባሕር እንስሳ አሸዋውን እየዋጠ ያጠራዋል፤ ነገር ግን ቢቈስል ወይም ቢሞት መርዝ ሊለቅ ስለሚችል ለትንሽ ገንዳ እኛ አንመክረውም። አሸዋ በአፉ እየጐረሰ በጕንጩ የሚያጣራም ዓሣ አለ። ሲያዩት እጅግ ያስደስታል፤ አሸዋውንም እንደ አዲስ ያነጣዋል። ይሁን እንጂ ይህን ዓሣ የሚያኖረው በአሸዋው መካከል የሚያገኛቸው ደቃቅ ነፍሳት ናቸው፤ በትንሽና በጠራ ገንዳ ውስጥ ነፍሳቱ ቶሎ ስለሚያልቁ ብዙ ጊዜ ቀን በቀን እያጸዳ በረኃብ ይከሳል። ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ ሆኖ ከታየ ምግብ ለብቻው በወለሉ ላይ ሊቀርብለት ይገባል።

ባለፈው ወር ባልደረባችን ለዕረፍት መጥተው ወደ ቤታችን ብቅ ብለው ነበር። ከገንዳው ፊት ጎንበስ ብለው አሸዋውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። በስተ ግራ በኩል ያለው ሩብ ገና ያልተጠረገ፣ ቡናማ ነበር፤ እኛም ይቅርታ ለመጠየቅ ስንጀምር በእጃቸው ምልክት አስቆሙን። ከዚያም ታናሿ ልጃችን እጃቸውን ይዛ፣ የቀሩትን ሁለት ዓሦች በየስማቸው አስተዋወቀቻቸው።