ዝምድና ልንቀጥል ሄደን ቆርጠን እንዳንመለስ



ረመዳን ሲገባ አዲስ አበባ የሚኖረው የወሎ ልጅ ልቡ ወደ አገሩ ያዘነብላል። ቅዳሜና እሑድን ከአንድ የፈቃድ ቀን ጋር አያይዞ፣ ልጆቹን ይዞ፣ ወደ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከደሴ ደግሞ ገሚሱ ወደ ሐይቅና ውጫሌ፣ ገሚሱ ወደ ኩታበር፣ ገሚሱም እንደኔ ወገኖች በግሸን አምባ ሥር ወዳሉት መንደሮች ይበተናል። አባቱንና እናቱን ይጠይቃል፣ አብሮ አደጎቹን ያገኛል፣ ሁለት ሌሊት አድሮ ይመለሳል። ይህ ታላቅ ዒባዳ ነው። ሆኖም ብዙ ዚያራ በመልካም ኒያ ተጀምሮ በቅያሜ ሲያልቅ አያለሁ። ዝምድና ሊቀጥል የሄደው ሰው ቆርጦት ይመለሳል። ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ጉዳዩ በዲናችን ያለውን ቦታ እናስታውስ። በሱረቱ ኒሳእ መጀመሪያ ላይ አላህ (ሱ.ወ) እርሱን እንድንፈራ ባዘዘበት ቦታ ዝምድናን ከመቁረጥ መጠንቀቅንም አያይዞ ጠቅሷል። ሲሳዩ እንዲሰፋ፣ ዕድሜውም እንዲረዝም የሚወድ ሰው ዝምድናውን እንዲቀጥል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መክረዋል። ቡኻሪ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ዝምድና ቀጣይ ማለት ለጠየቀው ዘመድ ብድር የሚመልስ ሳይሆን፣ የቆረጠውን ዘመድ ራሱ ሄዶ የሚቀጥል መሆኑን አስተምረዋል። እንግዲህ ወደሚስቅልን ዘመድ ቤት ብቻ ገብተን ከወጣን ከሥራው ቀላሉን ሠራን ማለት ነው፤ ከባዱ ገና ይቀረናል።

ብዙዎቻችን ደግሞ ይህን ግዴታ በገንዘብ የተወጣነው ይመስለናል። በቴሌብር ብር ይላካል፣ ስልክ ይደወላል፣ «ደረሰሽ?» «ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥህ» ተባብሎ ይዘጋል። ገንዘቡ መልካም ነው። ለድሃ የሚሰጥ ሰደቃ አንድ ምንዳ ሲኖረው ለዘመድ የሚሰጠው ግን የሰደቃና የዝምድና፣ ሁለት ምንዳ እንዳለው በሐዲስ ተነግሯል። ነገር ግን ገንዘብ የእናትን ዓይን መታከም ማስፈለጉን አያይም። የጣራው ቆርቆሮ መዛጉን፣ የወንድም ልጅ ትምህርት ማቋረጡን፣ አባት ለፈጅር ሲነሱ ግድግዳ ይዘው መሆኑን አይነግረንም። ወላጅ በስልክ «ደህና ነን» ይላል፤ ልጁን ማስጨነቅ አይፈልግምና። ደህና መሆናቸው የሚታወቀው አጠገባቸው ተቀምጠው ሲያፈጥሩ ነው።

ከሄዱ በኋላ ደግሞ አካሄድ አለ። የገጠር ቤት እንግዳ ሲመጣበት ያለውን ሁሉ ያወጣል፤ የሌለውንም ይበደራል። የከተማው ልጅ ከነቤተሰቡ ሳይናገር መግሪብ ሲቃረብ ከተፍ ቢል፣ ቀኑን ሙሉ ጾማ የዋለችው የወንድም ሚስት እንደገና እሳት ልታነድ ነው። እንግድነት ሦስት ቀን ቢሆንም እንግዳ አስተናጋጁን እስኪያስቸግር እንዳይቆይ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል። ስለዚህ አስቀድሞ መደወል፣ ከዐስር በፊት መድረስ፣ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ተምሩንና ቡናውን ይዞ መሄድ ተገቢ ነው። ሴቶች ልጆቻችን ማድቤት ገብተው ሾርባውን ያማስሉ፤ ወንዶቹም ውኃ ይቅዱ፣ እንጨት ይፍለጡ። ያኔ ዚያራው ለቤቱ ሸክም መሆኑ ይቀርና እፎይታ ይሆናል።

ስለ መንገዱም አንድ ቃል ልጨምር። ከአዲስ አበባ ወሎ ድረስ የሚጓዝ ሰው ሙሳፊር ነው። ጾሙ ከከበደው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ሱረቱል በቀራ ፈቅዳለታለች። ሶሓቦች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በረመዳን ሲጓዙ የጾመው ያልጾመውን፣ ያልጾመውም የጾመውን አይነቅፍም ነበር ሲሉ አነስ ኢብኑ ማሊክ ነግረውናል። በመኪናው ውስጥ «አንተ ለምን በላህ? አንቺ ለምን ጠጣሽ?» መባባሉ ከዚህ ሥነ ሥርዓት ውጭ ነው።

አሁን ወደ ግሸን ልመለስ። የግሸን አገር ሰው ዝምድናው በአንድ ሃይማኖት ውስጥ ተወስኖ አያውቅም። አምባው ላይ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የሚከበረውን የደብረ ከርቤን በዓል ኢትዮጵያውያን ሁሉ ያውቁታል። ወደዚያ ለሚወጣው ተጓዥ ውኃ የሚያቀርብ፣ ማደሪያ የሚሰጥ ሙስሊም በእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በቅሬው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያስተዛዝናል። አንዱ አያት ሐጂ፣ የእናት አጎት ደግሞ ቄስ የሆኑበት ቤተሰብ ሞልቷል።

ይህ ዝምድና ሁልጊዜ በደስታ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ለደሴ ቅርብ በሆነው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዝዞ ነበር። የወሎው ገዢ መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ሲባሉ፣ እንደ ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች ደግሞ ትእዛዙን ተቃውመው ታገሉ። ከአንድ እናት የወጡ ልጆች በሁለት ሃይማኖት አደሩ። ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ በጋብቻና በጡት ልጅነት የተሳሰረውም ብዙ ነው። አባቶቻችን ከዚያ ሁሉ ፈተና በኋላ ዘመድ ዘመድነቱን እንዳያጣ አድርገው አቆዩልን። በሠርግና በተዝካር ለሙስሊሙ እንግዳ ሙስሊም አርዶ ለብቻው ይሠራለታል፤ ማንም ማንንም ሳይነካ አብሮ ይበላል። ይህን ሥርዓት በአንድ የቅዳሜና እሑድ ጉዞ የምናፈርስ መሆን የለብንም።

ለምን ይህን እላለሁ? ከከተማ የመጡ አንዳንድ ወጣቶች የአባታቸውን ክርስቲያን እህት ሳይጠይቁ ይመለሳሉና ነው። ቤቷ በር ላይ ደርሰው «ጾም ላይ ነን» ብለው የሚያልፉም አሉ። አስማእ ቢንት አቡበክር (ረ.ዐ) እናታቸው ገና ሙሽሪክ ሳለች ልትጠይቃቸው በመጣች ጊዜ ምን ላድርግ ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። መልሱ ከእናትሽ ጋር ዝምድናሽን ቀጥዪ የሚል ነበር። ሱረቱል ሙምተሒናም ላልተዋጉን፣ ከአገራችን ላላስወጡን ሰዎች መልካም መዋልንና ፍትሐዊ መሆንን አላህ እንዳልከለከለን ይነግረናል። የአክስት ቤት ገብቶ ጉልበቷን መሳም፣ ጤናዋን መጠየቅ፣ ካመጡት ዘይትና ስኳር ማካፈል ከዲን የሚያስወጣ ሳይሆን ዲን ያዘዘው ነው።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ ቅዳሜ የካቲት 22 ቀን ጀምረው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ጾም ዋለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ክርስቲያን ዘመድን ለኢፍጣር የሚጠራ ሰው ለእርሱ ሽሮና ምስር ለይቶ ያስቀምጥ። ይህች ትንሽ ጥንቃቄ ከብዙ ንግግር ትበልጣለች።

ሌላው የቅያሜ በር በራሳችን በሙስሊሞች መካከል የሚከፈተው ነው። ወሎ የዒልም አገር ናት። ዳና፣ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ ስንት ደረሳ ከየአገሩ ሰብስበው እንዳስቀሩ የታወቀ ነው። አሁን ደግሞ ልጆቻችን በከተማ ቀርተዋል፣ ውጭ አገር ደርሰው የመጡም አሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን አንዳንዱ ልጅ ለሁለት ቀን አገሩ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው የአባቱን ወዳጃ መንቀፍ፣ የእናቱን መውሊድ ማውገዝ፣ የአገሩን ሸኽ በጀመዓ ፊት ማረም ይሆናል። አባት በኢፍጣር ምንጣፍ ላይ በልጁ ይዋረዳል። ልጁ ሐቅ የተናገረ መስሎት ይመለሳል፤ አባት በሚቀጥለው ዓመት መምጣቱን ይፈራል።

ዑለማዎች የሚለያዩባቸው ጉዳዮች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ እዚህ ልፈታቸው አልሞክርም። የምለው ስለ አነጋገር ነው። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ጣዖት የሚያመልኩ አባታቸውን ሲመክሩ በሱረቱ መርየም ውስጥ አራት ጊዜ «አባቴ ሆይ» እያሉ ነው የተናገሩት። አባትየው ሲያስፈራሯቸውም የመለሱት በሰላምታ ነው። ጣዖት ለሚያመልክ አባት ይህ ከሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ በሱጁድ ላሳለፈ አባት ምን ያህል ትሕትና ይገባው ይሆን? ዒልም ያለው ልጅ ሄዶ ለእናቱ ፋቲሓን ያዳምጥላት፣ ያልተስተካከለች ፊደል ካለች ለብቻዋ ቀስ ብሎ ያስተካክልላት። ሕዝብ ሰብስቦ ማሳፈር ማስተማር አይባልም።

ሦስተኛው የምንረሳው ነገር የድሮ ወዳጆች ሐቅ ነው። ዓብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በመካ መንገድ ላይ አንድ የገጠር ሰው ሲያገኙ የሚቀመጡበትን አህያና ራሳቸው ላይ የነበረውን ጥምጣም አውልቀው ሰጡት። አብረዋቸው የነበሩት በጥቂት ነገር ደስ የሚለው ሰው መሆኑን ሲነግሯቸው፣ የዚህ ሰው አባት የአባቴ ወዳጅ ነበር አሉ፤ ከበጎ ሥራ ሁሉ በላጩ ሰው የአባቱን ወዳጆች መጠየቁ እንደሆነም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ነገሯቸው። እኛስ አገር ስንገባ የአባታችንን ወዳጅ እንጠይቃለን? በሉሕ ላይ አሊፍ ባ ያስቀሩን ሸኽ በሕይወት ካሉ ቤታቸው ገብተን እጃቸውን እንስማለን? አብረን ከብት የጠበቅነው፣ ዛሬ ግን ኑሮ ያልተቃናለት ጓደኛችን ዘንድ መሬት ላይ ቁጭ ብለን ውኃና ተምር እንካፈላለን? ወይስ ዘመናዊ ስልካችንን ይዘን ከመሰሎቻችን ጋር ውጫሌ ወይም ሐይቅ ከተማ እናመሻለን? የሞቱትንም አንርሳ፤ መቃብር ሄዶ ሰላም ማለትና ዱዓ ማድረግ ሱና ነው።

አራተኛው እርቅ ነው። በድንበር፣ በውርስ መሬት፣ በጋብቻ የተኮራረፈ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ እንዳያኮርፍ ተከልክሏል፤ ከሁለቱ በላጩም በሰላምታ የሚጀምረው ነው። ሰኞና ሐሙስ የጀነት በሮች ተከፍተው ለአማኞች ምሕረት ሲደረግ የተኮራረፉት ሁለቱ እስኪታረቁ እንደሚቆዩ በሙስሊም ሐዲስ ሰፍሯል። ረመዳን የምሕረት ወር ሆኖ ሳለ በእኛ ስም ላይ «ይቆዩ» እንዳይባል ያስፈራል። ወሎ አበጋሮች አሏት፤ ደም ያፋሰሰውን እንኳ ዱዓ አድርገው፣ ሸምግለው ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። ከከተማ የሚመጣው ልጅ ከጠቡ ራቅ ያለ ስለሆነ ሽማግሌ ለመላክ ይመቻል። ብሩን ለአዲስ ልብስ ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ወንድማማቾች በአንድ ትሪ ለማስፈጠር ያውለው። ይህ ከብዙ ነጠላ ሰደቃ የሚበልጥ ነው።

መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አለመሆኑን አልዘነጋሁም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ በደረሰበት ወቅት ስንቱ ከወላጁ ድምፅ ተለይቶ እንደከረመ እናስታውሳለን። ከዚያም ወዲህ ስጋት ያለበት ጊዜ አለ። አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድድም፤ ራስንና ልጆችን ለአደጋ አጋልጦ መሄድም አልታዘዝንም። መሄድ ያልቻለ በስልክ ይጠይቅ፤ ግን «ደርሶሻል?» ብሎ አይዝጋ። አክስቱንም፣ የአባቱን ወዳጅም፣ ያኮረፈውንም ወንድም በየተራ ይደውልላቸው። መንገዱ ሲከፈት ሄዶ ያሟላው።

መሄድ የቻለ ግን ለዒድ ግፊያ ሳይጠብቅ፣ የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶችም በመንገድ እንዳያልፉበት ቀደም ብሎ ይሂድ። ከመነሳቱ በፊት በወረቀት ላይ አራት ስም ይጻፍ፤ አንድ ያኮረፈውን ዘመድ፣ አንድ የአባቱን ወዳጅ፣ አንድ የተቸገረ አብሮ አደግ፣ አንድ ሃይማኖቱ ከእርሱ የተለየ ዘመድ። አራቱንም ሳይጠይቅ አይመለስ። ልጆቹንም ይዟቸው ይግባ፤ ነገ ይህን ዝምድና የሚቀጥሉት እነርሱ ናቸውና።

አላህ የሄደውን በሰላም ያድርስ፣ ወላጆቻችንን በጤና ያቆይልን፣ የተኮራረፈውን ያስታርቅ፣ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድ። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።