የሞላው ክትር ምስጋና

የተፋሰስ ዘመቻው ሪፖርት በቀረበ ቁጥር ከአኃዙ ብዛት መካከል እንደ ውዳሴ የሚደገም አንድ ቃል አለ፤ እርሱም በየቦረቦሩ የተሠሩት የድንጋይ ክትሮች በደለል መሞላታቸው የሥራውን ፍሬ ይመሰክራል የሚል ነው።

ቃሉ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ድንጋዩ ያስቀረው አፈር ወንዙ ያልወሰደው አፈር ነው፤ የቦረቦሩም ወለል ከፍ ሲል የጎርፉ ቁጣ ይበርዳል፣ ሣርም ይበቅልበታል። ነገር ግን ክትር ከሞላበት ቀን ጀምሮ መያዙን ትቷል፤ የሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ደለሉን እንደ ተሸከመ በላዩ ተሻግሮ ይሄዳልና። እንግዲህ ሥራው ያበቃበትን ዕለት ሥራው የሠመረበት ዕለት አድርጎ ማብሠር፣ ጎታው ስለ ሞላ በአውድማ የቀረውን እህል ለዝናብ እንደሚተው ገበሬ መሆን ነው።

ደግሞስ የሞላው በምንድን ነው? ክትር በአብዛኛው የሚያስቀረው ጠጠሩንና አሸዋውን ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የዓባይን መልክ የሚለውጠው ረቂቅ ጭቃ ግን ውኃው ረግቶ ካልቆመለት በቀር ከድንጋዩ መካከል ሾልኮ ያልፋል።

በመረሬ አገር ነገሩ ይብሳል። ጥቁሩ አፈር በጋውን ሙሉ ተሰነጣጥቆ ይቆይና ዝናቡ ሲጥል ውኃው ከክትሩ ጋር ግብግብ ሳይገጥም በግራና በቀኝ ባለው ስንጥቅ ገብቶ ከመሬት በታች መሿለኪያ ያበጃል፤ የመሿለኪያውም ጣራ በተናደ ጊዜ ሌላ ቦረቦር ይከፈታል። በክረምቱ ማብቂያ ወርዶ የሚያይ ሰው ድንጋዩ እንደ ተካበ በመካከል ቆሞ፣ ወራጁ ግን በጎኑ በር አውጥቶ ሲፈስ ያገኘዋል። በሪፖርቱ ይህም አንድ ክትር ተብሎ ይቆጠራል፤ አልፈረሰምና። በጥርና በየካቲት ያለ ዋጋ ድንጋይ የተሸከመው ገበሬ ግን ይህን አያጣውም።

ሙሌት የሚያሸልም ከሆነማ ሽልማቱ ለሱዳኑ የሮዛሪስ ግድብ በተገባ ነበር፤ በ1966 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተሠርቶ በ2013 በ10 ሜትር ከፍ እስኪደረግ ድረስ ከመያዣው ሢሶ ያህሉን ለደለል ገብሯልና። የጎንደርን ከተማ የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብም ከዚሁ መዓርግ ባልተነፈገ። በእነርሱ ዘንድ መዓት የተባለው በቦረቦሩ ዘንድ በረከት የሚሆነው፣ ከሞላው ክትር በላይ ሌላ ክትር ሲደገም፣ ጫፉ ሲጨመርና ማፍሰሻው ሲጠገን፣ ከሁሉም በላይ አፈሩ የሚነሣበት ተዳፋት ከልቅ ግጦሽ ሲከለል ብቻ ነው።

ስለዚህ ሪፖርት አቅራቢዎቹን የምንለምነው አንድ አኃዝ ብቻ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከተቆጠሩት ክትሮች ዛሬም ደለል የሚይዙት ስንት ናቸው? የዘመቻው ትጋት የሚመዘነው በአዲስ ድንጋይ ብዛት እስከ ሆነ ድረስ ግን ይህን የሚቆጥር ሰው መገኘቱን እጠራጠራለሁ።