ልማት ማንን አለማ?

በአማርኛ «ለማ» የሚለው ግስ በገበሬ አፍ ሲነገር ትርጉሙ አያጠራጥርም። አገሩ ለማ ሲባል ሰዉ በዛበት፣ ከብቱ ረባ፣ እህሉ ሰመረ፣ ጭስ የሚጤስበት ጎጆ በረከተ ማለት ነው። ተቃራኒው «ጠፋ» ነው፤ ጠፍ መሬት የሚባለውም አራሽና ነዋሪ የለቀቀው መሬት ነው። ስለዚህ ልማት ከሰው ተለይቶ የሚቆም ነገር አልነበረም፤ ሰው የሌለበት ልማት ሙሽሮች የሌሉበት ሠርግ በሆነ ነበር። ዛሬ ግን ይኸው ቋንቋ «የልማት ተነሺ» የሚል ስያሜ ወልዷል። ገበሬው «ለማ» ሲል ሰው የሚቀመጥበትን ያስባል፤ ሹሙ «ልማት» ሲል ሰው የሚነሣበትን። አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ትርጉም ተሸክሞ ሲዞር፣ አንዱ በሌላው ስም እየነገደ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የቃሉ ጣጣ በአማርኛ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከካርቱም በስተምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር በሚገኘው በቡሪ ሠፈር የኖረ ሐበሻ ይህንኑ ጣጣ በዓረብኛም ሲሰማ ኖሯል። «ተንሚያ» የሚለው የመንግሥት ቃል ሥሩ ማደግና መብዛት ነው፤ ምን እንደበዛ፣ ለማን እንደበዛ ግን አይናገርም። «ዒማር» የሚለው ቃል ዕድሜ ማለት ከሆነው ከ«ዑምር» ጋር ሥር ይጋራል፤ ፍቺውም ቦታን ሰው እንዲኖርበት ማድረግ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሊቅ ኢብን ኸልዱን የሰውን ልጅ ተሰባስቦ መኖርና ከዚያ የሚወለደውን ሥልጣኔ «ዑምራን» ሲል የጠራው ከዚሁ ሥር ወስዶ ነው። እንግዲህ የዓረቡ «ዒማር» እና የአማርኛው «ለማ» ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ይላሉ፤ ቦታ የሚለማው ሰው ሲኖርበት ነው።

ሁለቱን ቃላት ከሥራቸው ያናወጣቸው ከባሕር ማዶ የመጣው ፍቺ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1949 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ለአዲሱ የሥልጣን ዘመናቸው ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት ባሰሙት ንግግር፣ በአራተኛው ነጥባቸው፣ በቂ ዕድገት አላገኙም ላሏቸው አገሮች የቴክኒክ እርዳታ እንደሚሰጥ አስታወቁ። «ፖይንት ፎር» የተባለው ያ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ጋር ስሙ የታወቀ ነው፤ መልካም ሥራ አልሠራም የሚል የለም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የዓለም ሕዝብ በአንድ መሰላል ላይ ተሰለፈ፤ የመሰላሉም መለኪያ የአገር ገቢ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990 ፓኪስታናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ማሕቡብ ኡል ሐቅ የመጀመሪያውን የሰብዓዊ ልማት ሪፖርት በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ሲያወጣ፣ ዕድሜና ትምህርት ከገቢ ጎን እንዲቆጠሩ አደረገ። ሕንዳዊው አማርትያ ሴንም እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ልማት ማለት የሰው ነጻነት መስፋት ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም የደከሙት፣ ገበሬው ከጥንት የሚያውቀውን ነገር ለሹማምንት በቁጥር ለማስረዳት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሱዳን ያንን መሰላል እየሮጠች የወጣችበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ከሔግሊግ እስከ ቀይ ባሕር የተዘረጋው፣ ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ቧንቧ ነዳጅ ማስተላለፍ ጀመረ። በቀጣዮቹ ዓመታት ካርቱም መልኳን ለወጠች። ድልድይ ተሠራ፤ በዓባይ ዳር በሊቢያ ገንዘብ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ሆቴል ቆመ፤ በቡሪ የሚገኘው የዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሥፍራም የውጭ ኩባንያዎች ዕቃ መታያ ሆነ። ልማት ማለት የሚታይ፣ የሚመረቅ፣ ሪባን የሚቆረጥለት ነገር ነው ተባለ። ነዳጁ ከሚቀዳባቸው የደቡብ ቀበሌዎች ሕዝቡ በጦርነት እየተነቀለ መሆኑ ግን በምርቃቱ ንግግር ውስጥ ቦታ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ስትሆን ከነዳጁ ሦስት አራተኛ ያህሉ አብሮ ሄደ። ያኔ ቁጥሩ ወረደ፤ ቁጥር ብቻ የነበረውም ልማት አብሮ ወረደ።

በሰሜን በኩል ደግሞ የመረዌ ግድብ አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 2009 የተመረቀውና 1,250 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ይህ ግድብ፣ ከዓባይ ዳር ከ50,000 በላይ ሰው አስነሥቷል። ከተነሺዎቹ መካከል መናሲሮች ያቀረቡት ጥያቄ ኤሌክትሪክ ይቅር የሚል አልነበረም፤ ወደ በረሃ ከምንወሰድ በአዲሱ ሐይቅ ዳር እንስፈር የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ውኃው ከነዋሪዎቹ ቀድሞ ወደ ቤታቸው ገባ። ታሪኩ አዲስ አይደለም፤ ለአስዋን ግድብ ሲባል የዋዲ ሐልፋ ኑብያውያን እ.ኤ.አ. በ1964 ገደማ ከዘንባባቸው ሥር ተነቅለው ወደ ኸሽም አል ቂርባ ሜዳ ተወስደዋል። በቡሪ አምፖል ሲበራ መብራቱ የማን ቤት ጠፍቶ እንደመጣ መጠየቅ መብራቱን መጥላት አይደለም።

ትልቁን ግድብ ትቶ ወደ ትንሿ ጀበና መመልከትም ይቻላል። ጀበና በአማርኛም በሱዳን ዓረብኛም ጀበና ናት፤ ሁለቱ ሕዝቦች ለመግባባት አስተርጓሚ የማያስፈልጋቸው በእርሷ ዙሪያ ነው። በቡሪ፣ በጅሬፍና በዴም መንገዶች ጥግ በርጩማ ዘርግተው ሻይና ቡና የሚሸጡ ሴቶች፣ ሐበሾቹም ሱዳናውያኑም፣ በዚያች ጀበና ልጅ አሳድገዋል፣ የቤት ኪራይ ከፍለዋል፣ ለእናት አባት ገንዘብ ልከዋል። ከተማይቱ ዘመናዊ ትሁን በተባለ ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚደርስባቸው «ከሻ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በካርቱም የወጣው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 እስኪሻር ድረስ በርጩማው ይጫናል፣ ከሰሉ ይደፋል፣ ሴቲቱ መቀጫ ትከፍላለች። በርጩማው የተነሣበት ጥግ ጸዳ ተባለ። በገበሬው ቋንቋ ግን ያ ጥግ ጠፍ ሆነ እንጂ አልለማም።

እዚህ ላይ የተቃራኒው ወገን ክርክር በሚገባ ሊደመጥ ይገባል። ያለ ኤሌክትሪክ ሆስፒታል የለም፤ ያለ መንገድ ገበያ የለም፤ አንድ ሠፈር እንዳይነካ ተብሎ ሚሊዮኖች በጨለማ ይኑሩ ማለት ግፍ ነው ይላሉ። እውነት ነው። በቡሪ የነበረ ሰው የኃይል ማመንጫው ከደጁ ሆኖ እንኳ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ድኽነትን እንደ ቅርስ መጠበቅ የሚሻው ድኽነትን ከሩቅ የሚጎበኝ ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚረዳው ግድቡ ይሠራ፣ መንገዱ ይጠረግ የሚለውን ነው፤ ተነሺው አይጠየቅ፣ ካሳው ይዘግይ፣ አቤት ያለው ይታሰር የሚለውን አይረዳም። የቃሉ ተንኮል ሁለተኛውን በመጀመሪያው ካባ መሸፈኑ ላይ ነው። «ለልማት ነው» ከተባለ በኋላ የሚጠይቅ ሁሉ ፀረ ልማት ይሆናል፤ ቃሉ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ አፍ መዝጊያ ይሆናል።

አፍ ግን ተዘግቶ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የአንድ ዳቦ ዋጋ ከአንድ ወደ ሦስት ፓውንድ ሲወጣ ከአትባራና ከሌሎች ከተሞች የተነሣው ተቃውሞ ካርቱም ሲደርስ፣ ቡሪ ከግንባር ቀደሞቹ ሠፈሮች አንዱ ነበር። የቡሪ ወጣቶች ድልድዩንም ሆቴሉንም ያውቃሉ፤ የጎደላቸው ዳቦና የመናገር መብት ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2019 የ30 ዓመቱ አገዛዝ ሲወድቅ የተመረቁት ሕንጻዎች ሁሉ በቦታቸው ቆመው ነበር፤ አንዳቸውም ምስክር ሆነው አላዳኑትም።

ሐበሻ አንባቢ ይህን ሁሉ የሱዳን ጣጣ ነው ብሎ ማለፍ አይችልም። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ቤቶች በ«ኮሪደር ልማት» ስም ሲፈርሱ፣ ስፋቱና ውበቱ ብዙ ተነግሯል፤ ዕድርና ዕቁብ፣ ጉርብትናና የደጃፍ ንግድ አብረው መፍረሳቸው ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ አልተመዘገበም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሕዝብ ከጉሮሮው ቀንሶ የሠራው የኩራት ሥራ ነው፤ ኩራቱም ተገቢ ነው። ቢሆንም ለሐይቁ ሲሉ መንደራቸውን የለቀቁት የጉሙዝ ቤተሰቦች መብራቱ ከደረሳቸው በኋላ ነው ግድቡ በገበሬው ፍቺ አለማ የሚባለው። መናሲሮችን እያዘነ ጉሙዞችን የሚዘነጋ ሐበሻ ሚዛኑ አልተስተካከለም።

አሁን ቃሉ በቡሪ እንደገና ሊፈተን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በፈነዳው ጦርነት፣ የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ጎረቤት የሆነው ይህ ሠፈር ከእሳቱ መካከል ወደቀ። ነዋሪው ተበተነ፤ ሐበሻውም ከፊሉ በመተማ በኩል ወጣ፣ ከፊሉ ወደ ሌሎች አገሮች ተሰደደ፣ ከፊሉ መሄጃ አጥቶ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2025 ጦሩ ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ በየአፉ የሚሰማው ቃል «ዒማር» ሆኗል። ቃሉ መልካም ነው፤ ሰውን የያዘው ቃል እርሱ ነውና። ይሁን እንጂ በዚሁ ቃል ጥላ ሥር ሕገወጥ የተባሉ ሠፈሮች ሲፈርሱ፣ የውጭ ዜጋ ከከተማይቱ ይውጣ ሲባል ተሰምቷል። ሰው እንዲኖር ማድረግ ማለት የሆነው ቃል ሰው ማስወጫ ከሆነ፣ እርሱም እንደ «ልማት» መንገድ ስቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ዕቅድ ሁሉ፣ ሪባኑ ሳይቆረጥ፣ ሦስት ጥያቄ ይቅረብ። ማን ለማበት? ማን ተነሣበት? የተነሣው ቀድሞ ተጠይቋል ወይ? ሦስቱም ሲመለሱ ግድቡም ድልድዩም ይሠራ፤ ሳይመለሱ የሚሠራው ግንባታ ይባል፣ ልማት ግን አይባል። በቡሪ ሽቦው ተቀጥሎ አምፖሉ በበራ ማግስት፣ ያቺ በመንገድ ጥግ የነበረች ጀበና ባለቤቷን ይዛ ካልተመለሰች፣ ሠፈሩ ተጠግኗል እንጂ አልለማም።