የታመመች ዶሮ ማስታመምና የገበሬ ማኅበራት ድርሻ

በገጠር ቤት ዶሮ ስትታመም የምታስታምማት እመቤቲቱ ናት። ክንፏን ጥላ ጥግ የያዘችውን ዶሮ ከምድጃው አጠገብ አስጠግታ፣ ውሃ በመንቆሯ ጠብ እያደረገች ታድራለች። ከእንቁላልና ከጫጩት የሚገኘው ገንዘብ የጨውና የሳሙና፣ የልጆች ደብተርም መግዣ በመሆኑ ድካሙ ያለምክንያት አይደለም።

ይሁን እንጂ ማስታመም የሚያድነውንና የማያድነውን በሽታ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ዶሮዋን ያከሳት ቅማል ወይም መዥገር ከሆነ፣ ማደሪያዋን ጠርጎ የምትንደባለልበት ደረቅ አመድ ማዘጋጀት ይጠቅማል። ጫጩቶች ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዛቸው ደግሞ ማደሪያቸውን ማድረቅና መድኃኒቱን ከእንስሳት ጤና ባለሙያ መጠየቅ ተገቢ ነው። በማናቸውም ሁኔታ የታመመችው ከሌሎቹ ተለይታ፣ በሞቀና በደረቀ ስፍራ ንጹሕ ውሃና የላመ መኖ ሊቀርብላት ይገባል።

ፈንግል ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ በችግር መተንፈስ፣ የአንገት መጣመምና የእግር መስነፍ ምልክቶቹ ሲሆኑ፣ አንዳንዴም ዶሮዎቹ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ያልቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አጠገብ ስለታየ በውጭ አገር በዚያው ከተማ ስም ይጠራል። በሽታው በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ ፌጦውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ አረቄውም አያድነውም። እስከዛሬም የሚፈውስ መድኃኒት አልተገኘለትም።

ጉዳቱን የሚያባብሰው ሕዝቡ የሚወስደው እርምጃ ነው። በፈንግል የተያዘች ዶሮ ከመንጋው ሳትለይ ስትታመም በሽታው በኩሷ፣ በውሃ ዕቃዋና በአስታማሚዋ እጅና ጫማ ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል። «ሳትሞት ትሸጥ» ተብላ ገበያ ስትወጣ ደግሞ ወደ ሌላ መንደር ትወስደዋለች። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ የዶሮ ገበያ በሚደራበት ወቅት አደጋው የሚጨምረውም በዚህ ምክንያት ነው።

መከላከያው ክትባት ነው። በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ክትባቱን ያመርታል። ሙቀት የሚችለው ዓይነት በዓይን አንድ ጠብታ የሚሰጥ ሲሆን፣ በየ3 ወይም በየ4 ወሩ መደገም አለበት። በሽታው ከገባ በኋላ ቢሰጥ ግን የታመመችውን አያድንም።

ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ሲሆን፣ ከተበጠበጠ በኋላ ሳያድር ማለቅ አለበት። 5 ወይም 6 ዶሮ ያላት እመቤት ብቻዋን ልትገዛው አትችልም፤ ብትገዛውም አብዛኛው ይባክናል። ስለዚህ የአንዲት ዶሮ ጤና የመላው መንደር ጉዳይ ይሆናል ማለት ነው።

በመሆኑም የማኅበራት መሪዎች የየቤቱን ዶሮ አስቆጥረው ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ጋር የክትባት ቀን ሊወስኑ፣ ቀኑም ዶሮዎቹ ከማደሪያቸው ሳይወጡ በማለዳ እንዲሆን ሊያደርጉ ይገባል። ዶሮዎቹን የሚይዙት ሴቶች በመሆናቸው በውሳኔው መካፈል አለባቸው። ከገበያ የመጣች ዶሮ ለ2 ሳምንት ያህል ተለይታ እንድትቆይ፣ የሞተችውም ከነላባዋ በጥልቅ ጉድጓድ እንድትቀበር ማድረግ የመንደሩ ደንብ ሊሆን ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሥራው ከበዓሉ ገበያ በፊት መጀመር ይኖርበታል።